እህቴ ከባህር በታች ያለ ቤት ልትገዛ ነው፣ እዛ ያሉ ማዘጋጃ ቤቶች ባህሩ ሲጨምር ምን ሊያረጉ ነው ያሰቡት?

የጣና_ዳር_ልጅ (ባህር ዳር)

ሰላም ቤተሰብ፣ ትንሽ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ። ታላቅ እህቴ ሆላንድ ነው የምትኖረው፣ ከሄደች 11 አመቷ ነው፣ አሁን ከባሏ ጋ ሆነው ከሮተርዳም ወጣ ብላ ባለች ከተማ ቤት ሊገዙ ነው። ቪድዮ ልካልን አይተነዋል፣ ያምራል፣ ጓሮ አለው፣ ከጓሮው ኋላ ቦይ አለ ዳክዬ ይዋኝበታል። ነገሩ የተበላሸው ባሏ (የደጀን ልጅ ነው፣ ቀልድ አይችልም ግን ይሞክራል) በቪድዮ ኮል እየሳቀ "እማማ ይሄ ሰፈር እኮ ከባህሩ 6 ሜትር ዝቅ ይላል" ያለ ጊዜ ነው። እማዬ ቡና እየቆላች ነበር፣ ማንከሽከሻውን አስቀምጣ "ምን አልክ?" አለችው። ቡናው አረረ። ከዛን ቀን ጀምሮ እኛ ቤት ሰላም የለም። "ሰው ባህር ከራስጌው አርጎ ይተኛል? ለዚህ ነው ያን ሁሉ ብር የምትከፍለው?" ትላለች፣ ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ሲመጣም ወሬው ይሄው ነው።

እኔ መጀመሪያ ስቄ ነበር፣ ኋላ ግን ሳስበው ጥያቄዋ ጥያቄ ነው። ባህር በየአመቱ እየጨመረ ነው ይባላል አይደል። ታዲያ እነዚህ ባህር ዳር ያሉ ከተሞች (የኛን ባህር ዳር ማለቴ አይደለም ሃሃሃ) ማዘጋጃ ቤታቸው ቁጭ ብሎ ምን ብሎ ነው የሚያቅደው? ዝም ብሎ ግንብ መጨመር ነው? ብሩንስ ማን ይከፍላል፣ መንግስት ነው ወይስ ሰፈርተኛው? ደሞ አንድ ቀን "ከዚህ በኋላ አልቻልንም ውጡ" የሚባል ነገር አለ ወይ? ይሄኛውን እማዬ ናት ያስጠየቀችኝ። የሚያውቅ ሰው ካለ በደንብ ያስረዳኝ፣ ለሷ ተርጉሜ ነው የምነግራት።


ቾኬ_ስር

ቾኬ ላይ ይግዙ፣ 4 ሺ ሜትር ከባህር በላይ ነው፣ ባህሩ እዛ እስኪደርስ የልጅ ልጆቿ ጡረታ ይወጣሉ። ብርዱን ግን አልችልም ብላ እንዳትመጣብኝ። ይቅርታ ቁምነገሩን የሚያውቁት ይምጡ፣ እኔም ልከታተል ቁጭ ብያለሁ።


ማርቆሴ_ሮተርዳም

ወንድሜ መጀመሪያ እማማን አረጋጋልኝ። እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፣ እዚህ 14 አመቴ ነው፣ እህትህ ያሰበችበት ሰፈር ከኔ ብዙም የሚርቅ አይመስለኝም። የአገሩ ዝቅተኛው ቦታ እዚሁ ሮተርዳም አጠገብ ነው፣ ከባህር ጠለል በታች 6.76 ሜትር፣ ምልክትም አቁመውለታል። ሰው ይኖርበታል፣ አውራ ጎዳና ያልፍበታል፣ ላም ይግጥበታል። ከጠቅላላው አገር ሩብ የሚሆነው ከባህር በታች ነው። ስለዚህ እህትህ ብቻዋን አይደለችም ያለችው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። እኔን መጀመሪያ የገረመኝ ውሃውን የሚይዘው ማዘጋጃ ቤቱ አለመሆኑ ነው። የውሃ ቦርድ የሚሉት ለብቻው የቆመ አስተዳደር አለ፣ በአገሩ 21 ናቸው፣ አንዳንዱ ይኩኖ አምላክ ሳይነግስ የተቋቋመ ነው ብልህ ታምነኛለህ? ስራቸው ውሃ ብቻ ነው፣ ትምህርት ቤት የለ መንገድ የለ መታወቂያ የለ፣ ግድብ መጠበቅ ቦይ መጥረግ ፓምፕ ማንቀሳቀስ ፍሳሽ ማጣራት በቃ። ህዝብ በየ4 አመቱ ይመርጣቸዋል፣ የራሳቸው ግብርም ይሰበስባሉ። እኔ የመጀመሪያ አመት ፖስታው ሲመጣ ተሳስተው ነው ብዬ ጠረጴዛ ላይ ጥዬው ከረምኩ፣ የቧንቧ ውሃ ሂሳብ እኮ ለብቻው እከፍላለሁ። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ከነቅጣቱ ሲመጣ ለጎረቤቴ ሽማግሌ አሳየሁት፣ መነፅሩን ወደላይ አርጎ አየውና "ይሄን ካልከፈልክ ሳሎንህ ውስጥ ነው የምትዋኘው" አለኝ። ከዛ ወዲህ ሳይመጣ እየጠበኩ ነው የምከፍለው።

ታሪኩን ለእማማ ንገራት። በኛ 1945 ጥር ላይ፣ በነሱ 1953፣ ሌሊት ማዕበል መጥቶ ግድቡን ሰበረና 1,836 ሰው ሞተ። ያ ነው አይናቸውን የከፈተው። ከዛ በኋላ ለአስርት አመታት በባህሩ በኩል ግድብና በር ሲሰሩ ኖሩ፣ የመጨረሻው ትልቁ ሮተርዳም መግቢያ ላይ ያለው ነው፣ በነሱ 1997 ተመረቀ። ሁለት ክንፍ ያለው በር ነው፣ እያንዳንዱ 210 ሜትር ርዝመት 22 ሜትር ቁመት። እዚህ ጋ ልብ በል፣ ሮተርዳም ላይ ውሃው 3 ሜትር ይደርሳል ተብሎ ከተተነበየ ኮምፒውተሩ ራሱ ይዘጋዋል፣ ሰው ተሰብስቦ አይወስንም። ለምን መሰለህ፣ በሩ ሲዘጋ ወደቡ ይቆማል፣ ወደቡ ሲቆም ብር ይከስራል፣ ሰው ከሆነ ደሞ "እስቲ ግማሽ ሰአት እንይ" ይላል። ግማሽ ሰአቷ ነች የምትገድለው። በ2023 ዲሴምበር ከፍተኛ ውሃ መጥቶ በሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን ዘጋ፣ እኛ ሰፈር ሰው ሻይ እየጠጣ በዜና ነው ያየው።

ግንብ መጨመር ብቻ ነው ወይ ላልከው፣ አይደለም፣ እንደውም አሁን አንዳንድ ቦታ ግድቡን ወደኋላ እየሳቡት ነው። ናይሜኸን የምትባል ከተማ ወንዙ ጠቦበት ሲያስቸግር ግድቡን 350 ሜትር ወደ ውስጥ አስገብተው ለወንዙ ቦታ ለቀቁለት፣ ለዛ ሲባል ወደ 50 የሚሆን ቤት ፈርሷል። አንድ ሌላ ቦታ ደግሞ መሬታቸው የጎርፍ ማስተንፈሻ ሊሆን ነው የተባሉ ገበሬዎች ከመነሳት ይልቅ ራሳቸው ሃሳብ አመጡ፣ አፈር ቆልለን ጉብታ እንስራና ቤታችንን ላሞቻችንን እዛ ላይ እናውጣ፣ ማሳው በጎርፍ ቢዋጥ ይዋጥ አሉ። መንግስት ተቀበላቸው። የተወሰኑት ካሳ ይዘው ሄዱ፣ ስምንት እርሻ ጉብታው ላይ ቀረ። እኔ ይሄን ሳነብ ትዝ ያለኝ የኛ አገር ገበሬ ነው፣ ጠይቀውት ቢሆን እሱም እንዲህ አይነት ነገር አያጣም፣ የሚጠይቀው ነው እንጂ የሌለው።

ብሩ፦ ለዋናዎቹ ግድቦች ማጠናከሪያ ግማሹን መንግስት ግማሹን የውሃ ቦርዶቹ ይከፍላሉ፣ ማለትም በመጨረሻ እኔና እህትህ።

አንድ ያልጠየከኝን ልጨምር። ግድብ በውሃ ብዛት ብቻ የሚሰበር ከመሰለህ ተሳስተሃል። በ2003 ኦገስት፣ በጣም ደረቅ በጋ ነበር፣ ዊልኒስ የምትባል ቦታ ፒት ከሚሉት፣ ከበሰበሰ ተክል ከሚሆን አፈር የተሰራ ትንሽ ግድብ ደርቆ ቀለለና ቦይ ውስጥ ያለው ውሃ ገፍቶት ሰፈሩ ገባ። ዝናብ የለ ማዕበል የለ። አሁን በጋ ሲበረታ ሰዎች ግድቡ ላይ እየሄዱ ስንጥቅ ይፈልጋሉ፣ ሲያገኙ ውሃ ያጠጡታል፣ እንደ ችግኝ።

ለእህትህ ምክሬ፦ ከባህሩ ይልቅ የቤቱን መሰረት ትፍራ። እዚህ አካባቢ ድሮ የተሰራ ቤት መሬቱ ለስላሳ ስለሆነ በእንጨት ምሰሶ ላይ ነው የቆመው፣ የከርሰ ምድር ውሃው ሲወርድ እንጨቱ አየር ያገኝና ይበሰብሳል፣ ቤቱ ይሰምጣል፣ ማሳደሻው ደሞ ኪስ ነው የሚያራግፈው። የመሰረት ምርመራ ሳታይ እንዳትፈርም። የፖስታ ኮድ ሲገባበት ግድብ ቢሰበር ውሃው ስንት ሜትር እንደሚደርስ የሚያሳይ ድረገጽም አለ፣ እሱን ትየው። ተራ የቤት ኢንሹራንስ ደግሞ ዋናው ግድብ ተሰብሮ የሚመጣን ጎርፍ አይሸፍንም፣ ይሄንንም ትጠይቅ።


ደጋ_ሰው

ይቅርታ ግን እኛ ወደብ የሌለን አገር ቁጭ ብለን ስለሆላንድ ባህር እናወራለን? ውሃ ሲበዛ ቦይ ቀዶ ማፍሰስ ነው፣ አያቶቻችን ያለ ፕላን ነው የኖሩት።


ሲቪል_ነኝ (ባህር ዳር)

ደጋ ሰው አያ፣ ማዳበሪያህ በየት ነው የሚገባው? በጅቡቲ ነው አይደል። ጅቡቲ ከተማ አብዛኛው ከባህር ጠለል እምብዛም ከፍ አይልም። ወደቡ ላይ ውሃ ወጥቶ ለሳምንት ቢቆም ሰኔ ላይ የሚጮኸው ሜጫና ቡሬ ያለው ገበሬ ነው። ስለዚህ እዛ ያለው ማዘጋጃ ቤት ፕላን አለው የለውም የኛም ጉዳይ ነው።

"ቦይ ቀዶ ማፍሰስ" ላልከው ደሞ ሴኔጋል ሴንት ሉዊ ላይ የሆነውን ልንገርህ። ከተማዋ በወንዝና በባህር መሀል ናት፣ በነሱ 2003 ወንዙ ሞልቶ ሊያጥለቀልቃት ሲል ወንዙን ከባህር የሚለየውን ቀጭን የአሸዋ ምላስ በጥድፊያ ቀደዱት፣ 4 ሜትር ስፋት ብቻ። ጎርፉ ወዲያው ቀነሰ፣ ሰው አጨበጨበ። ከዛ ግን ባህሩ ቀዳዳዋን ይዞ ማስፋት ጀመረ፣ በሳምንታት በመቶ ሜትሮች፣ አመታት ሳይቆዩ ኪሎሜትሮች ሆነ። ዱን ባባ ዲዬ የሚባል መንደር ነበር፣ ጠፋ፣ ጨው ውሃ የጓሮ አትክልታቸውን ገደለው። ከተማዋን ለማዳን የተቀደደው ቦይ ሌላውን መንደር በላው ማለት ነው፣ የመንደሩን ሰው ማንም አልጠየቀውም።

ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ፣ ማርቆሴ ቆንጆ አርጎ ስለሆላንድ ነግሮናል ግን ሁሉም አገር ሆላንድ አይደለም፣ ያን ያህል ብርም ያን ያህል ልምድም የለውም። የማዘጋጃ ቤቶች ትልቁ ራስ ምታት ውሃው ስንት እንደሚጨምር በእርግጠኝነት አለመታወቁ ነው። እስካሁን ከ1901 እስከ 2018 ባለው 20 ሳንቲም ገደማ ጨምሯል፣ በቅርብ አመታት ፍጥነቱ ወደ 4 ሚሊሜትር በአመት ደርሷል። በ2100 ግን የአለም ጭስ ከቀነሰ 30 ሳንቲም አካባቢ ሊሆን ይችላል፣ ካልቀነሰ እስከ 1 ሜትር፣ የዋልታው በረዶ መቅለጥ ከከፋ ከዛም በላይ። አሁን አንተ ከንቲባ ብትሆን ለየትኛው ትገነባለህ? ለ30 ሳንቲም ገንብተህ ሜትር ከመጣ ከተማህ ሰመጠ፣ ለሜትር ገንብተህ 30 ከመጣ የትምህርት ቤቱንና የጤና ጣቢያውን ብር ኮንክሪት ውስጥ ቀበርከው።

እዚህ ላይ ሎንደኖች ያረጉት ነገር ደስ ይለኛል። ቴምስ ወንዝ ላይ በነሱ ከ1982 ጀምሮ የሚሰራ በር አላቸው፣ ለቀጣዩ ዘመን ያወጡት ፕላን ግን "በዚህ አመት ይሄን እንገነባለን" የሚል አይደለም። ምልክት ነው ያስቀመጡት። ባህሩ እዚህ ሲደርስ፣ በሩ በአመት ይሄን ያህል ጊዜ መዘጋት ሲጀምር፣ ያኔ ወደሚቀጥለው ስራ እንገባለን ነው ያሉት። በየ10 አመቱ ይከልሱታል። አዲስ በር ካስፈለገ በ2040 አካባቢ ወስነው በ2070 እንዲደርስ ነው ሃሳባቸው፣ እስከዛ ቦታውን ማንም ቤት እንዳይሰራበት ይይዙታል። ይሄ ቦታ መያዝ የምትለዋ ነገር ቀላል ትመስላለች፣ በኛ አገር የመሬት ነገር የሰራ ሰው ግን ምን ያህል ከባድ እንደሆነች ያውቃታል። ባዶ መሬት 30 አመት ባዶ ሆኖ እንዲቆይ ማረግ ግድብ ከመስራት ይከብዳል።

ተቃራኒው ምሳሌ አሜሪካ ያለው ማያሚ ቢች ነው። መንገዶቹ በባህር ውሃ ሲጥለቀለቁ ከተማው ፓምፕ ተከለና መንገዱን ከፍ አረገው። መንገዱ ዳነ። ግን ዳር ላይ ያለው ሱቅ ከመንገዱ በታች ሆነ፣ ዝናብ ሲመጣ ውሃው ሱቅ ገባ፣ አንድ ምግብ ቤት ካሳ ሲጠይቅ ኢንሹራንሱ "ቤትህ አሁን ከመሬት በታች ያለ ቤት ሆኗል" ብሎ አልከፍልም አለው አሉ። ሳነበው ሳቄ መጣ ከዛ ተናደድኩ፣ ምክንያቱም እኛ ቤት ልክ ይሄ ነው የሆነው። የሰፈራችን መንገድ ኮብልስቶን ሲሰራ አፈር ደልድለው ከፍ አረጉት፣ የኛ ግቢ በር ከመንገዱ ሁለት ደረጃ ታች ሆነ። የመጀመሪያው ሐምሌ እናቴ ሌሊት ስትነሳ እግሯ ውሃ ውስጥ ገባ፣ የጤፍ ጆንያው ከስሩ ርሶ ነበር። አባቴ በማግስቱ በሩ ላይ የብሎኬት ደፍ ሰራ፣ አሁን ሰው እቤታችን የሚገባው እግሩን አንስቶ ነው፣ እንግዳ ሁሉ ይደናቀፋል። ቅሬታ አቅርበን ነበር "መንገዱ በስታንዳርድ ነው የተሰራው" ተባልን። ልክ ናቸው እኮ፣ መንገዱ በስታንዳርድ ነው። ቤቱ ነው ፕላኑ ውስጥ ያልነበረው።


የጣና_ዳር_ልጅ

ኧረ እናንተ ሰዎች እግዜር ይስጥልን፣ ለእማዬ ግማሹን አነበብኩላት፣ ጉብታ ላይ የወጡት ገበሬዎች ደስ ብለዋታል፣ "ልበኛ ናቸው" አለች። ግን "ውጡ" የሚባል ቀን አለ ወይ የሚለውን ማንም አልመለሰልኝም፣ እሷ ደሞ እሱን ነው የያዘችው። ሌላ ጥያቄ ለሲቪል_ነኝ፣ ጣናስ? ባህሩ ሲጨምር ጣናም ይጨምራል ወይ እያሉ ቡና ላይ ሲከራከሩ ነበር።


ሰከላ_ካርዲፍ

"ውጡ" የሚባልበት ቦታ አለ። እኔ ያለሁት ዌልስ ነው (የግሽ አባይ ልጅ ነኝ፣ ሰላም ለጎጃም)። እዚህ በሰሜን በኩል ፌርቦርን የሚባል ባህር ዳር ያለ መንደር አለ። የአካባቢው አስተዳደር ከአስር አመት በፊት በፕላኑ ላይ ግድቡን እስከ 2054 አካባቢ ብቻ እንጠብቃለን ከዛ በኋላ ሰፈሩ መነሳት አለበት የሚል ነገር አወጣ። ሃሳቡ መጥፎ አልነበረም መሰለኝ፣ 40 አመት ቀደም ብሎ መናገር ማለት ነው። ግን የሆነውን ስማኝና ለእማማ ንገራት፣ ዜናው በወጣ ማግስት የቤቱ ዋጋ ወደቀ፣ ባንክ ብድር እምቢ አለ፣ ሰው ሸጦ እንዳይሄድ ገዢ የለም፣ እንዳይቀመጥ ተስፋ የለም። የት ይሂዱ፣ ካሳው ስንት ነው፣ ማን ይከፍላል የሚለው ሳይሰራ ቀኑ ብቻ ቀድሞ ወጣ። ውሃው አንድ ስንዝር ሳይነካቸው ወረቀቱ አሰመጣቸው።

ፊጂ ግን ሌላ ነው። ቩኒዶጎሎአ የሚባል መንደር በ2014 ወደ 2 ኪሎሜትር ገደማ ወደ ውስጥ ገብቶ ሰፈረ፣ 30 ቤት። ውሃ ቤታቸው ሲገባ አመታት አስቆጥሮ ነበር፣ እንነሳ ያሉት ራሳቸው ናቸው፣ የሄዱበትም መሬት የራሳቸው የወል መሬት ነበር፣ መንግስት በብሩ ሌሎችም በእቃው ረዱ። ልዩነቱ ይሄ ነው እንግዲህ፣ አንዱ በወረቀት ተነገረው አንዱ ራሱ ተናገረ። ቢሆንም እነሱም የቀድሞ መቃብራቸው እዛው ቀርቶ አልቅሰዋል፣ ሰው ከአፈሩ ሲነሳ ቀላል ነገር የለም።

እህትህ ጋ እንዲህ ያለ ቀን እስካሁን አልተነገረም፣ እዛ አገር ግልፅ ግብ አስቀምጠዋል፣ በ2050 ከግድብ ኋላ የሚኖር ማንኛውም ሰው በጎርፍ የመሞት እድሉ በአመት ከ100,000 አንድ እንዳይበልጥ ነው የሚሉት። እማማ በባህር ዳር ባጃጅ ከምትሳፈርበት ይሻላል በላት።


ሲቪል_ነኝ (ባህር ዳር)

የጣናውን ልመልስ። ጣና ከባህር ጠለል በላይ 1,785 ሜትር ገደማ ነው፣ ቀይ ባህር ቢጨምር ቢቀንስ አያገባውም። ጣናን ከፍ ዝቅ የሚያረገው ዝናቡ፣ ትነቱ፣ ወንዞቹና የኛ በር ነው። በሩ ማለት ጨረጨራ፣ አባይ የሚወጣበት ላይ በነሱ 1996 ተሰራ ኋላ በር ተጨመረበት፣ ከዛ በነሱ 2010 ጣና በለስ ሲመጣ ደግሞ በቁንዝላ በኩል በዋሻ ውሃ ወደ በለስ መውሰድ ጀመረ፣ 460 ሜጋ ዋት ነው። ስለዚህ ሀይቁ አሁን ግማሹ የእግዜር ግማሹ የኦፕሬተር ነው።

ግን ከባህሩ ጋ አንድ የሚያመሳስለው ነገር አለ፣ ዳሩ ሜዳ መሆኑ። ጣና ወደ 3 ሺ ካሬ ኪሎሜትር ስለሆነ 10 ሳንቲም ከፍ አለ ማለት 300 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ ተጨመረ ማለት ነው፣ ቁመቱ ሲታይ ምንም ነው፣ ሜዳው ላይ ግን ወደ ጎን ብዙ ይሄዳል። በኛ 1998 ነሐሴ ፎገራና ደምቢያ የሆነውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ከዛ ሶስት አመት ቀደም ብሎ ደሞ በኛ 1995 ሀይቁ ወርዶ ወርዶ መርከብ የቆመበት ጊዜ ነበር። ባህር ዳር ሲታቀድ ታዲያ ዳሩን በየትኛው አመት ትለካዋለህ? በ1995 ከለካህ ውሃው ውስጥ ቤት ትሰጣለህ።


ደንገል_አጫጅ

እኔ ኢንጂነር አይደለሁም፣ የቁንዝላ ልጅ ነኝ፣ አሁን ፍኖተ ሰላም ነው የምሰራው። ይሄን የ1995 ነገር ሳነብ ነው የተነሳሁት።

እኛ ጋ ባህር ሸሽ የሚባል መሬት አለ፣ የጣና ዳር ሰው ያውቀዋል። ክረምቱ ወጥቶ ሀይቁ ወደኋላ ሲል የሚለቀው ጥቁር መሬት ነው፣ ሽምብራ ጓያ ይዘራበታል፣ እርጥበቱ ብቻ ያበስለዋል ዝናብ አይፈልግም። በዛ አመት ውሃው በጣም ሲርቅ ሰዉ ተከትሎት ሄደ፣ አባቴም ሄደ፣ ማንም አይቶት የማያውቀው መሬት ወጣ። አያቴ ግን ደንገሉ ከቆመበት በላይ አንድ ዋርካ ስር ድንጋይ አለችው፣ በሱ ልጅነት ውሃው የደረሰባት፣ እዛ ወስዶኝ አስቀመጠኝና "ከዚህች በታች ያለው የባህሩ ነው፣ ያበድረናል እንጂ አልሰጠንም" አለኝ። አባቴ አልሰማውም፣ ከዛም አልፎ ከደረቁ ዳር ላይ ጎጆ ቀለሰ፣ ለጥበቃ ነው ብሎ። ሀይቁ ሲመለስ ሽምብራውንም ጎጆውንም ወሰደው፣ የቀረው በሩ ነው፣ ደንገል ላይ ተሰክቶ አገኘነው፣ አሁንም የበጎች ጉሮኖ በር ነው።

የሚገርመኝ በኋላ ለልኬት የመጡ ሰዎች ካስማ ሲተክሉ ድንጋይዋን ማንም አልጠየቀም። ካስማው ከሷ በታች ነው የተተከለው። አያቴ በህይወት ነበር፣ ቡና ጠጥተው ሄዱ።

ሲቪል_ነኝ፣ ሎንደኖች ምልክት አስቀመጡ ስትል እኛም ነበረን ነው የምልህ። የጎደለው ምልክቷን ያየ ሰው ቀጥሎ ማን ጋ እንደሚሄድ ነው። አያቴ ድንጋይዋን ይዞ የት ይሂድ?


ሲቪል_ነኝ (ባህር ዳር)

ደንገል ወንድሜ ይሄን አንድ ቦታ ጻፈው በሞቴ። ድንጋይዋ አለች አሁንም? ካለች ከፍታዋን በጂፒኤስ ሳይሆን በሌቭል መለካት ይቻላል፣ ቅዳሜ ቀን ባዶ ነኝ፣ መሳሪያ ከጓደኛ እዋሳለሁ። ከጨረጨራ መዝገብ ጋ ብናስተያያት የአያትህ ልጅነት ውሃ ስንት ሜትር እንደነበር ይወጣል።


ደንገል_አጫጅ

አለች። ዋርካው ተቆርጧል ግን ድንጋይዋ አለች። ለጥምቀት እሄዳለሁ፣ በውስጥ መስመር ቁጥርህን ላክልኝ።


ደጋ_ሰው

እኔ ቅድም ያልኩትን ትቻለሁ። የማዳበሪያው ነገር ገባኝ። ድንጋይዋን ስትለኩ ፎቶ ለጥፉ።


የጣና_ዳር_ልጅ

ለማጠቃለል ሳይሆን ዜና ልንገራችሁ ብዬ ነው። እህቴ ማርቆሴ ያለውን ድረገጽ አየችው፣ የፖስታ ኮዱን ስታስገባ ግድቡ ቢሰበር ውሃው ከሳሎኑ ጣራ ከፍ ይላል፣ የላይኛው ፎቅ ግን ይተርፋል ይላል። ይሄን ለእማዬ መንገር አልነበረብኝም ግን ነገርኳት። ዝም ብላ አሰበችና "መኝታው ላይ ነው ታች?" አለች። ላይ ነው አልኳት። "እንግዲያው ይሁን፣ ግን እህሉንም ላይ ታውጣው" አለች። እህቴ እህል የለኝም እማዬ፣ ሱፐርማርኬት ነው የምገዛው ብትላት እማዬ ለሁለተኛ ጊዜ ደነገጠች፣ አሁን ክርክሩ ከባህሩ ወጥቶ ቤት ውስጥ ጤፍ ለምን አይኖርም ወደሚለው ገብቷል።

የመሰረት ምርመራው ሰኞ ነው የሚመጣው ብላለች፣ ውጤቱን አሳውቃችኋለሁ።